ለሁዳዴ የሚደርስ ዱባ

ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። በባሕር ዳር አባይ ማዶ፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ የበቆሎው አገዳ ታጭዶ ከአጥሩ ሥር ተከምሯል፤ በክረምቱ አጥሩን አልብሶት የነበረው የዱባ ሐረግም ደርቆ ተንጠልጥሏል። የግቢው ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ከመስከረሙ ዱባ ያስቀሩትን ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው ከጎረቤታቸው ልጅ ጋር መሬቱን በእርምጃ ይለካሉ። ልጁ መስኖ ተምሯል። ትከሻው ላይ ጥቅል ጥቁር ጎማ አንግቷል።

«ለሁዳዴ ይደርስልኛል?» አሉት።

«ይደርሳል እትዬ። በባልዲ እየደፋን ግን አይደለም።»

«በምን ልናጠጣው ነው ታዲያ?»

«በጠብታ።»

እሳቸው ወደ ጎማው ሳይሆን ወደ ጉድጓዱ ነው የተመለከቱት። ገመዱን የሚጎትተው የእሳቸው ክንድ ነውና ማወቅ የፈለጉት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀዱ ነበር።

ጥያቄው የሚነሣው ዱባ በአገራችን ከዝናብ ጋር የኖረ ተክል ስለሆነ ነው። ክረምት ሲገባ ከበረት አጠገብ፣ ከፍግ ክምር ዳር፣ ከአጥር ሥር ይተከላል። ሐምሌንና ነሐሴን አጥርና ጣሪያ ላይ ሲሳብ ይከርምና ከመስከረም ጀምሮ ይለቀማል። ያን ጊዜ ዱባ በየቤቱ ይትረፈረፋል። ዱባ ወጥ ከሁሉ ይልቅ የሚናፈቀው ግን በሁዳዴ ነው፤ ሽሮውና ምስሩ በተፈራረቁበት ገበታ ላይ ጣፈጥ ያለ ነገር የሚጨምረው እሱ ነው። ዱባ እንደየዝርያው ከዘር እስከ መብሰል ከ90 እስከ 120 ቀናት ይፈልጋል። በኅዳር የተተከለ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ይደርሳል ማለት ነው። በእነዚህ ወራት ባሕር ዳር ላይ ዝናብ ብርቅ ስለሆነ ተክሉ የሚጠጣው ውሃ ሁሉ በሰው ጉልበት መምጣት አለበት። የበጋ ዱባን ከብዙ ጓሮ ያስቀረው የመሬት ወይም የዘር እጥረት ሳይሆን ይህ ድካም ነው።

ድካሙን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲያርፍ ልክ አንድ ሊትር ነው። በባሕር ዳር አካባቢ የበጋው ፀሐይና ነፋስ ለምለም ሣር ከለበሰ መሬት በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይወስዳሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና የመስኖ ባለሙያዎች ዛሬም ከእጃቸው የማይለዩት መመሪያ እንደሚያስቀምጠው፣ ዱባ ገና ቡቃያ ሳለ የዚህን ግማሽ፣ ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖ ሲያፈራ ሙሉውን፣ ወደ መብሰሉ ሲጠጋ ደግሞ ከአምስት እጅ አራቱን ይፈልጋል።

መምህርቷ የመረጡት ቦታ ስድስት ዱባ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል፣ በድምሩ 18 ካሬ ሜትር። በቀን አራት ተኩል ሚሊ ሜትር ተብሎ ቢታሰብ፣ ስድስቱ ዱባ ጥማቸው በሚበረታበት ወቅት 81 ሊትር ይጠጣሉ። መሬቱን በቦይ ማጥለቅለቅ ከፈለጉ ከሚቀዱት ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ሥሩ ዘንድ ይደርሳል ተብሎ ይታሰባል፤ በጠብታ 90። ስለዚህ ያንኑ 81 ሊትር ለማድረስ በቦይ 135 ሊትር፣ በጠብታ 90 ሊትር መቅዳት ይኖርባቸዋል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር አንዱ ወደ ሰባት ይጠጋል፣ ሌላው አራት ተኩል ነው። ሁለት ጀሪካን ከሩብ በየቀኑ ከአንዲት እናት ክንድ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ያውም የጥማቱ ጣሪያ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥሩ የያዘው መሬት ጠባብ ስለሆነ ለአንድ ቡቃያ በቀን አንድ ሁለት ሊትር ይበቃዋል።

«አራት ተኩሉን እችላለሁ» አሉ መምህርቷ። ሥራው የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ከጉድጓዱ አጠገብ አምስት ረድፍ ብሎኬት ተደረደረ። አንዱ ብሎኬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው አምስቱ አንድ ሜትር ይሆናሉ። ከላዩ ባለ 100 ሊትር ጥቁር የፕላስቲክ በርሜል ተቀመጠ። ልጁ ብሎኬቱን ደጋግሞ እየገፋ የፈተነው አለምክንያት አይደለም፤ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ስለሆነ፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ የሚወዛወዝ መደብ አደጋ ነው። በርሜሉ ጥቁር የሆነውም በምክንያት ነው። ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ዕቃ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል፣ ኋላም የጎማውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ክዳኑ ደግሞ ሁልጊዜ መዘጋት አለበት፤ የጣና ዳርቻ የወባ አገር ነው፣ ትንኝም የረጋ ውሃ አትንቅም።

የውሃ መውጫው የተበሳው ከበርሜሉ ወለል አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው። ጭቃውና ደለሉ ከታች እንዲዘቅጥ ነው ይህ። ከመውጫው ቀጥሎ መክፈቻ፣ ከመክፈቻው ቀጥሎ ማጣሪያ ገባ። ለጠብታ መስኖ የሚሸጡት ወንፊት መሰል ማጣሪያዎች 130 ማይክሮን አካባቢ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው፤ ከዚያ የሚተልቅ አሸዋ አያልፍም። መምህርቷ በዚህ ብቻ አልረኩም። ከበርሜሉ አፍ ላይ ያረጀ ነጠላ አጥፈው አሰሩበት፣ ከጉድጓድ የተቀዳው ሁሉ በእሱ ውስጥ ያልፋል። ጥሩ አድርገዋል። የጠብታ መስኖን ሥራ ከሚያቆሙ ነገሮች ሁሉ የቀዳዳ መደፈንን የሚያህል የለም።

ውሃውን ከጎማው በጠብታ የሚያወጡት፣ በገበያ የሚገኙት ማንጠባጠቢያዎች ላይ «በሰዓት 2 ሊትር» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ መጠን የሚሠራው ውሃው 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ታንከር ሲወርድ በሚኖረው ግፊት ነው። በርሜሉ ያለው ግን አንድ ሜትር ላይ ነው። ግፊቱ በአሥር እጥፍ ሲቀንስ ፍሰቱ በአሥር እጥፍ አይቀንስም፤ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ስለዚህ ያ ባለ 2 ሊትር ማንጠባጠቢያ በሰዓት ስድስት መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ዱባ አራት ማንጠባጠቢያ ከተደረገለት ስድስቱ በአንድ ሰዓት 14 ሊትር ያህል ያገኛሉ፣ 90ውን ሊትር ለመጨረስም ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በርሜሉ እየጎደለ ሲሄድ ጠብታው ይበልጥ ይዘገያል። ችግር የለውም። ዝግታው ራሱ ነው የሚፈለገው፤ አፈሩ ሊውጥ ከሚችለው በላይ ውሃ ስለማይመጣበት በላዩ የሚፈስ የለም።

ግፊቱን በራሳቸው የሚያስተካክሉ ውድ ማንጠባጠቢያዎች አሉ፤ ለአበባ እርሻና ለተዳፋት መሬት ተመራጭ ናቸው። በአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ባለ በርሜል ግን ብዙዎቹ በአግባቡ አይሠሩም። ለጓሮ የሚገዛ ሰው ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራውን፣ ርካሹንና ቀላሉን ቢጠይቅ ይሻለዋል። እሱም ከጠፋ ተራውን ጎማ በጋለ መርፌ መብሳት ይቻላል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ እኩል አያንጠባጥቡም፤ ለስድስት ዱባ ግን ይበቃሉ። ቀዳዳው ወደ ላይ ዞሮ ቢቀመጥ ደለሉ ከጎማው ሥር ስለሚተኛ ቶሎ አይደፈንም። በህንድ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት፣ በጃቡዋ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ደግሞ የግሉኮስ ጠርሙስና ጎማ በየተክሉ አጠገብ በእንጨት ላይ ሰቅለው ተጠቅመዋል፤ የጠብታውን ፍጥነት የምታስተካክለው ትንሿ የጎማው መቆጣጠሪያ ለዚህም አገለገለች። ይህን የሚሞክር ሰው ግን አዲስ ዕቃ ይጠቀም፤ ከሕክምና ቤት የወጣ መርፌና ጎማ ወደ ጓሮ መግባት የለበትም።

ውሃን ቀስ አድርጎ ወደ ሥር የመላክ ጥበብ ፕላስቲክ ከመፈጠሩ በፊት የታወቀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው ክፍለ ዘመን በቻይና የተጻፈው የፋን ሼንግዢ የእርሻ መጽሐፍ፣ ውሃ የተሞላ የሸክላ ማሰሮ ከዱባ ዘመዶች መካከል ቀብሮ ማጠጣትን ይገልጻል። ውሃው በሸክላው ግድግዳ በኩል እየላበ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። በዘመናችን ያለው የጠብታ መስኖ ስም የሚነሣው ከእስራኤላዊው የውሃ መሐንዲስ ከሲምሃ ብላስ ጋር ነው። ብላስ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ዛፍ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ገዝፎ አየና ሲመረምር ከሥሩ የሚያፈስ ቧንቧ አገኘ። ሐሳቡን ወደ ሥራ ለመለወጥ ርካሽ ፕላስቲክ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። በ1965 እ.ኤ.አ. በኔጌቭ በረሃ ካለው ከሃትዜሪም ኪቡትዝ ጋር ተስማምቶ ኔታፊም የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ቻፒን ደግሞ ነገሩን ወደ ድሃው ጓሮ አወረደው፤ ባለ 20 ሊትር ባልዲ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ሰቅሎ በጎማ የአትክልት መደብ የሚያጠጣ ቀላል ዕቃ አዘጋጅቶ በአፍሪካ እንዲዳረስ ደከመ። በአገራችን ብዙ ሰው ጠብታን የሚያውቀው በዝዋይ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ የአበባ እርሻዎች በኩል ነው። በፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ ጽጌረዳውን የሚያጠጣው ጎማና አባይ ማዶ በርሜል ሥር የተዘረጋው ጎማ የሚሠሩበት መርህ አንድ ነው።

ሸክላውም ቢሆን ጊዜው አላለፈበትም፤ ጎማ ለማይገኝበት ጓሮ ከአካባቢው ሸክላ ሠሪ የሚገዛ ገንቦ እስከ አንገቱ ተቀብሮ በሁለት ዱባ መካከል ሊያገለግል ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይሏል። ለምግብ የሚሆን ሸክላ በዘይት ስለሚሟሽ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ለመስኖ የሚሆነው ያልተሟሸው ነው።

ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በገበሬዎች ጓሮ ያደረጉት ሙከራ ለመምህርቷ ዱባም ትምህርት አለው። ውሃው ከእጅ ጉድጓድ ተስቦ ወደ ታንከር ይወጣል፣ ከታንከሩም በጠብታ ይወርዳል። መደቡን ለሁለት ከፈሉት፤ አንደኛውን እንደ ልማዱ ቆፍረው ላዩን ባዶ ተዉት፣ ሁለተኛውን ሳይቆፍሩ ሣርና ጭድ ጎዘጎዙበት። ሁለቱም ጠብታ ይጠጣሉ። የተጎዘጎዘው መደብ በአነስተኛ ውሃ የተሻለ አትክልት ሰጠ። ጎማው ውሃውን ወደ ሥሩ ያደርሳል፣ ጉዝጓዙ ደግሞ ፀሐይ መልሳ እንዳትወስደው ይከለክላል። ጠብታን ያለ ጉዝጓዝ መዘርጋት ሥራውን በግማሽ መተው ነው፤ ብዙ ሰው ጎማውን ለመግዛት ሲጨነቅ አጥሩ ሥር የተከመረውን አገዳ በእሳት ማቃጠሉ ያሳዝናል። መምህርቷ የበቆሏቸውን አገዳ አላቃጠሉም። ቆራርጠው ከጎማው በላይ በተኑት፤ ጎማውንም ከፀሐይ ጠበቀላቸው። ምስጥ በሚበዛበት መንደር ግን ጉዝጓዙን ከግንዱ አንድ ስንዝር ማራቅና በየጊዜው ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

የአባይ ማዶው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ላይ የወደቀ ጠብታ ወደ ጎን ይሰፋል፤ በአሸዋማ መሬት ቢሆን ወደ ታች ይወርድ ነበር። ስለዚህ በዋልካ ማንጠባጠቢያዎቹ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ ይበቃል፤ በአሸዋማ አፈር ወደ 30 መቅረብ አለባቸው። ዋልካ ሌላም ጠባይ አለው። እስኪሰነጠቅ ከደረቀ በኋላ የሚመጣ ውሃ በስንጥቁ በኩል ከሥሩ በታች ወርዶ ይጠፋል። ለዚህ መሬት የሚበጀው ጥቂት ጥቂት፣ ሳያቋርጡ ማጠጣት ነው።

በመጀመሪያ ማንጠባጠቢያዎቹ ከቡቃያው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበሩ። ሐረጉ መሳብ ሲጀምር ልጁ መጥቶ ጎማውን ወደ ውጭ ገፋው፣ ውሃ የሚጠጡት የሥር ጫፎች ከግንዱ ርቀው ይሄዳሉና። ግንዱ ሥር ሁልጊዜ እርጥበት ከተኛ ደግሞ ብስባሴ ይከተላል። ሐረጉ በሚያልፍበት መሬት ላይ ከየአንጓው ሌላ ሥር ስለሚያወጣ መምህርቷ አንዳንዱን አንጓ አፈር አለበሱት። አንድ ሐረግ በሁለት ሦስት ቦታ ሲጠጣ ይጠነክራል።

በጥር አንድ ቀን ቀትር ላይ ቅጠሉ ሁሉ ተጠውልጎ አገኙትና ደነገጡ። መክፈቻውን ሊከፍቱ ሲሉ ልጁ ከአጥሩ ማዶ ተጣራ።

«እትዬ፣ ይቆዩ! ማታ ይዩት።»

ማታ ቅጠሉ ቀና ብሎ ነበር። ሰፊው የዱባ ቅጠል በጠራራ ፀሐይ ሥሩ ከሚያቀብለው ፍጥነት በላይ ውሃ ስለሚያጣ አፈሩ እርጥብ ሳለም ይጠወልጋል። የእውነት ጥማት የሚታወቀው ንጋት ላይ ነው፤ ሌሊቱን አርፎ ጠዋትም ካልቀና ተጠምቷል። ከቅጠል የሚበልጠው ምስክር ግን አፈሩ ነው። ከጉዝጓዙ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ አፈር ጨብጦ ማየት ነው። እንደ ጭብጦ ቅርጹን ከያዘና እጅን ካላጨቀየ ይበቃዋል፣ ከተበተነ መክፈቻው ይከፈት፣ ውሃ ካንጠፈጠፈ አንድ ሁለት ቀን ይዘለል። ከላይ ያለው ስሌት ሰውን ወደ ጓሮው የሚያደርስ መነሻ ብቻ ነው። የዕለቱን መጠን የሚወስነው ይህ ጭብጥ አፈር ነው።

ጠብታ ቅጠልን አያርስም፤ ይህ ለአበባው ትልቅ ነገር ነው። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዴዎቹ ይቀድማሉ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው አበባ ሳያፈራ ቢረግፍ አያሳስብም። ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ባለችው ትንሽ ዱባ ትለያለች። እያንዳንዱ አበባ የሚከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ሲሆን ፀሐይ ስትበረታ ይጨማደዳል። ዱባ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ እዚያ ለእሱ ብቻ የተፈጠሩ የሚመስሉ የዱር ንቦች አሉት። እዚህ ሥራውን የሚሠሩለት የእኛው የማር ንቦች ናቸው። ጠዋት ከላይ በባልዲ የሚደፋ ውሃ ንቦቹን ያርቃል፣ የወንዴውን አበባ ዱቄትም ያበላሻል። ንብ በጠፋበት ሰፈር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወንዴውን አበባ ቀጥፎ፣ የአበባ ቅጠሎቹን ገልፎ፣ ዱቄቱን ሴቴዋ ላይ መንካት ይበቃል።

ጠብታ ሁሉን በሽታ ይከለክላል የሚሉ አሉ፤ እንዲህ አይደለም። በእርጥብ ቅጠል የሚዛመቱ ሻጋታዎችንና የፍሬ ብስባሴን ይቀንሳል። በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚነሰንሰው በሽታ ግን ለመዛመት የውሃ ጠብታ አይሻም፣ በደረቅ በጋም ይስፋፋል። መድኃኒቱ አየር እንዲዘዋወር ማራራቅና የተያዘውን አሮጌ ቅጠል ቶሎ ቆርጦ ማስወገድ ነው።

ጎማው የራሱ ጠላቶች አሉት። ውሾች ያኝኩታል፣ ዶሮዎች ጉዝጓዙን ጭረው ያጋልጡታል። ሌሊት ላይ የሚመጣው ጃርት ደግሞ ለጎማው ሳይሆን ለዱባው ነው፤ አጥሩ ከሥሩ ካልጠበቀ የሦስት ወር ድካም በአንድ ሌሊት ይበላል። በየሳምንቱ የጎማው ጫፍ የታጠፈበት ተፈትቶ ውሃ ይለቀቅበታል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጭቃማ ነው፣ ሲጠራ ተመልሶ ይታሰራል። ኖራ በሚበዛበት የጉድጓድ ውሃ ማንጠባጠቢያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ማንጠባጠቢያውን አውልቆ ውሃ በገባበት አቼቶ ውስጥ ማሳደር ቅርፊቱን ይፈታዋል።

ፍሬው ሲያብጥ ውሃ መቋረጥ የለበትም። ተጠምቶ የከረመ ዱባ ድንገት በብዛት ከጠጣ ቆዳው ይሰነጠቃል። መጠኑን ጨርሶ ቀለሙ መለወጥ ሲጀምር ደግሞ ውሃው ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ ከመልቀሙ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎም ይዘጋል። መድረሱ የሚታወቀው ከሐረጉ የሚያያይዘው ዘንግ ደርቆ ቡሽ ሲመስልና ጥፍር ቆዳውን መብሳት ሲያቅተው ነው። ሲቆረጥ አንድ ጋት ያህል ዘንግ ይተውለታል፤ ያለ ዘንግ የተቀጠፈ ዱባ ከዚያው በኩል ይበሰብሳል። በደረቅና ነፋሻ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ከተቀመጠ በደንብ የበሰለው ለወራት ይቆያል።

ይህ አቆጣጠር ለባሕር ዳርና ለመሰል ወይና ደጋ ነው። በደብረ ብርሃንና በመሰል ደጋዎች ከኅዳር እስከ ጥር የሚወርደው ውርጭ ቡቃያውን ያቃጥለዋል፤ እዚያ የሚሻለው ውርጩ ካለፈ በኋላ በየካቲት ተክሎ የክረምቱን ዝናብ መቀበል ነው። በቆላ ደግሞ የቀኑ ጥም ስለሚበረታ የበርሜሉ መጠን ከ100 ሊትር መብለጥ ይኖርበታል።

መምህርቷ የመጀመሪያውን ዱባ የቆረጡት በሁዳዴ እኩሌታ ነበር። ግማሹን ለጎረቤታቸው ልጅ እናት ላኩ፤ ከቀረው ፍሬውን ለይተው፣ አጥበው፣ ጥላ ላይ አሰጡት። ግንቦት ላይ ጎማው ከመሬት ይነሣል፣ ውሃ ተለቅቆበት ይታጠባል፣ ተጠቅልሎም አይጥ በማይደርስበት ጥላ ይሰቀላል። ልጁ በሚቀጥለው ኅዳር ሁለተኛ በርሜል ሊጨምር፣ ለዚያም ከቆርቆሮው አሸንዳ የክረምቱን ውሃ የሚይዝ ሮቶ ሊያስቀምጥ ቦታ መርጧል።